ለባሕር ጠላቂ ኮምፒዩተር የግድ ያስፈልገዋልን?

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አበው። በጅቡቲ ከተማ አቅራቢያ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሚገኙት በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ የአየር ጋን ተሸክሞ መጥለቅ የታወቀ መዝናኛ ነው። የዕረፍት ቀኑን ከባለቤቱ ጋር በዚያ ለማሳለፍ የሚያስብ ወታደር ታዲያ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሠረው የጠላቂዎች ኮምፒዩተር የግድ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ዋጋው ቀላል አይደለምና ጥያቄው የቤት ወጪንም የሚነካ ነው።

አስቀድመን አደጋውን እንመልከት። ሰው 10 ሜትር በጠለቀ ቁጥር በምድር ላይ የሚሸከመውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመርበታል። በዚህም የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል ይወገዳል፤ ከቸኮለ ግን ድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ውጤቱም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሲከፋም ሽባነትና ሞት ነው።

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ነገሩን በፍየሎች ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1908 የጥልቀትና የጊዜ ሰንጠረዥ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ጠላቂዎች በሰንጠረዥ፣ በሰዓትና በጥልቀት መለኪያ ብቻ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ፓዲ በተባለው ድርጅት የመዝናኛ ሰንጠረዥ መሠረት ለመጀመሪያ ጥልቀት በ18 ሜትር 56 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር 20 ደቂቃ ይፈቀዳል። ሆኖም ሰንጠረዡ ጠላቂው ጊዜውን ሁሉ በጥልቁ ስፍራ እንዳሳለፈ ይቆጥራል። ኮምፒዩተሩ ግን ያለበትን ጥልቀት ያለማቋረጥ እየለካ ቀሪውን ጊዜ ያሳያል፤ ሽቅብ ሲቸኩልም ያስጠነቅቀዋል።

ስለሆነም ፍርዳችን ይህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በአርታ ባሕር ዳርቻ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ከውኃው ገጽ ላይ ሆኖ በመነጽር ለሚመለከት ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ከአስተማሪ ጋር በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለሚወርድም ሰንጠረዡ ይበቃዋል። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚጠልቅ ግን ሊገዛው ወይም ሊከራየው ይገባል። ባልና ሚስትም «አንድ ይበቃናል» አይበሉ፤ በውኃ ውስጥ ሁለቱ እኩል ጥልቀት ላይ አይቆዩምና።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የባለቤቱን ድካምና የሰውነት ውኃ ማነስ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመመለሻውን መንገድ እናስብ። ጅቡቲ ከባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ከቀነሰ የተረፈው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት ይቆይ። በመኪናም ሆነ በባቡር ወደ ደጋ የሚወጣ እንደዚሁ ይታገሥ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ ከባሕር የፈሰሰ ጤና ግን አይለቀምም።