ጎታ ሥር የተቀመጠችው ንግሥት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የገበሬ ሀብት አይደበቅም። በሬው በረት ውስጥ ነው፣ እህሉ ጎታ ውስጥ፣ ባህር ዛፉ ጓሮ፣ ቆርቆሮው ጣራ ላይ። ከመራዊ ተነስቶ ቡሬን አልፎ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ መንገደኛ ማን ምን እንዳለው ከመኪና መስኮት ሊገምት ይችላል። አንዱን ሀብት ግን ማንም አያይም። ለጎረቤት አይወራም፣ ለግብር ሰብሳቢ አይነገርም፣ አንዳንዴም ከገዛ ልጅ ይሰወራል። እሱም ጠገራ ብር ነው፤ በሌላ ስሙ ማርትሬዛ።

ዛሬ በሌላው ዓለም የወረቀት ገንዘብ ያሰጋው ሰው የወርቅ ሳንቲም ገዝቶ በካዝና ያስቀምጣል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የምታወጣው ክሩገራንድ 31.1 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይዞ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ሳንቲም ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሳንቲም በባንክ መስኮት መግዛት አልተለመደም። ሐሳቡ ግን ለጎጃም ባዕድ አይደለም። ለወርቁ አቅም የሌለው ሰው ሥራውን በብር ሳንቲም ሲሠራው ኖሯል፤ ስለዚህ ማዕድን ገዝቶ ለክፉ ቀን ማኖር ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ለማወቅ ከክሩገራንድ ይልቅ ጠገራን መመርመር ይሻላል።

ሳንቲሟ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ የሚይዘው ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ነው። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሁሉም በየጊዜው መትተዋታል። የኦስትሪያ የገንዘብ ማተሚያ ዛሬም ይመታታል። ክብደቷ 28.07 ግራም ሲሆን ከመቶው 83.3 እጁ ብር ነው፤ ተጣርቶ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይወጣታል። ይህ ልክ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ አልተለወጠም። እዚህ አገር ስንት ገንዘብ መጥቶ እንደሄደ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰዉ የወደዳትም ለዚሁ ነበር። በቀይ ባሕር በኩል በምጽዋ እየገባች እስከ ዓባይ ማዶ ዘልቃለች፤ የክብደቷ ልክ ለወርቅ መመዘኛ ሆኖ አንድ ወቄት ወርቅ ማለት አንድ ጠገራ የሚመዝን ወርቅ ማለት ሆነ። ከወለጋ በኩል ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ወርቅ በባሶና በቡሬ ገበያዎች ሲሸጥ በሚዛኑ በሌላ ወገን የምትቀመጠው እሷ ናት። ለጥቃቅኑ ግዢ አሞሌ ጨው ነበር፤ ጠገራ ለበሬ፣ ለበቅሎ፣ ለጠመንጃ ነው። ተቀባዩም ዝም ብሎ አይቀበልም። የራስ ጌጧን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን የማያያዣ ጌጥ ነጥቦች ይቆጥራል፣ አስጩሆ ያዳምጣል፣ ካልጣመው ይመልሳል። ላቲን የማያነብ ገበሬ ከፊደሉ ይልቅ በነጥቡ ሐሰተኛውን ሳንቲም መለየቱ የሚያስደንቅ ዕውቀት ነው፤ የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ ዛሬ በመብራት የሚሠራውን በአውራ ጣቱ ይሠራው ነበር።

ነገሥታቱ ሊያስለቅቋት ሞክረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አወጁ፤ ፓሪስ ላይ ያስመቱት ብር በክብደትም በጥራትም ከማርትሬዛ ጋር የተስተካከለ ነበር። ሆኖም ከአዲስ አበባና ከሐረር ራቅ ሲባል ሰዉ የሚያውቃት ሴትዮዋን ነው። ጣሊያንም በ1928 ዓ.ም. ገብቶ ሊሬ ተቀበሉ ሲል ያው ነገር ገጠመው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የሳንቲሟን ማኅተም ከቪየና ወደ ሮም የወሰደው ለዚሁ ጦርነት አስቦ ነበርና፣ ሊሬው አልሄድ ሲል በማርትሬዛ መክፈሉን ቀጠለ።

ጎጃም ውስጥ ይህች ሳንቲም ታሪክ የሠራችው ግን በ1933 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሲገቡ፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የመራው ጌዴዎን ጦርና ቀደም ብሎ ነሐሴ 1932 ዓ.ም. የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ከጥይት ጋር የተሸከሙት ሌላው ጭነት ጠገራ ብር ነበር። እንግሊዞች ቦምቤይ ላይ ለጦርነቱ አስመቱት። ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናልና የጦሩ ግመሎች ምን ተሸክመው እንዳለቁ ማሰብ ይቻላል፤ ደጋውን ሲወጡ በየመንገዱ የቀሩት ብዙ ናቸው። ጦሩ በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዘልቅ ስንቅ የሚገዛው፣ መንገድ መሪ የሚቀጥረው በዚህች ሳንቲም ነው። ከየቤቱ የሚወጣው አሮጌ ጠገራ በጣሊያንም በእንግሊዝም ዘመን የተመታ ሊሆን ይችላልና፣ 1780 የሚለውን አይቶ «የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ» ብሎ መሸጥም መግዛትም ስሕተት ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ታወጀ፤ ማርትሬዛ ሕጋዊ መገበያያነቷ ቀረ። ገበሬው ግን መንግሥት ገንዘብ አይደለሽም ባላት ጊዜ የበለጠ ሸሸጋት። ያየው ነገር ከወረቀት የተሻለ ዋስትና እንደሆነች አሳምኖታል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሡን ምስል የያዘውን ብር ሲለውጥ ወረቀት የቀበረ ሰው ባንክ ፊት መሰለፍ ግድ ሆነበት፤ መስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና በእጅ የሚያዘው ገንዘብ ከ1.5 ሚሊዮን ብር እንዳይበልጥ ሲከለከል እንደገና እንዲሁ ሆነ። ጠገራ የቀበረ ሰው በሁለቱም ጊዜ የትም አልሄደም። ለመደበቁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሳ ገበሬውን ያስቆጣው ከክፍያው ይልቅ ሀብቱና መሬቱ ሊቆጠርና ሊለካ ነው የሚለው ፍርሃት ነበር። የማይታይ ሀብት የማይቆጠር ሀብት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ምስጋና ነው፤ ወቀሳውም አይቅር። ብር የወርቅ ወንድም ይመስላል እንጂ ዕጣቸው አንድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ እጅ ወርቅ 15 ተኩል እጅ ብር ይገዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1873 በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት ብርን ትተው ወደ ወርቅ ሲዞሩ የብር ዋጋ ወረደ፤ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ከ30 እጅ በላይ ብር ለአንድ እጅ ወርቅ ተጠየቀ። ጎጃም ያለው ባለጠገራ ምንም ሳያጠፋ፣ ጋኑን ሳይከፍት፣ ከዓለም ገበያ አንጻር ሀብቱ ግማሽ ሆነበት። ከዚህ የሚብሰው ክፉ ቀን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ማሳው ጾሙን አድሮ፣ የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ብር የያዘው ሰው ብሩን ይዞ ተራበ። ስለዚህ ጎታ ባዶ ሳለ ወርቅም ብርም መቅበር ሞኝነት ነው፤ መጀመሪያ እህል፣ ቀጥሎ በሬ፣ ማዕድን የሚመጣው ከዚያ የተረፈ ካለ ነው።

ወርቅ ለሚያስበው ደግሞ በአገራችን የወርቅ ሳንቲም ተመትቶ ያውቃል። ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ያስመቱት የወርቅ ብር 7 ግራም ሲመዝን 6.3 ግራሙ ንጹሕ ወርቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ10 እስከ 200 ብር የተጻፈባቸው የወርቅ ሳንቲሞች አስመትተዋል፤ ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል። እነዚህ ግን የሰብሳቢዎች እጅ የገቡ ናቸው፤ ዋጋቸው ከወርቃቸው በላይ ነውና ለመጠባበቂያ የሚፈለጉ አይደሉም። በአገራችን ብዙ ሰው ወርቅ የሚያኖረው በጌጥ ነው፤ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ ሐብል። የጌጥ ችግሩ ሁለት ነው። ባለ 18 ካራት ከመቶው 75፣ ባለ 21 ካራት 87.5 እጅ ብቻ ወርቅ ነው፤ ሲገዛ የእጅ ዋጋ ይከፈልበታል፣ ሲሸጥ ግን የእጅ ዋጋውን የሚመልስ ወርቅ ቤት የለም። ካራቱ ተጽፎ የተሰጠ ደረሰኝ የሌለው ጌጥ ደግሞ ሲሸጥ የገዢው አፍ ነው ሚዛኑ። ፈቃድ ሳይኖር ያልተሠራ ወርቅ መነገድ በሕግ የተከለከለ መሆኑም አይዘነጋ።

ይህን ሁሉ እያሰበ ሰው ወደ ወርቅ የሚያዘነብለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በስልክ የተቀመጠ ገንዘብ ምን ያህል በኔትወርክ እጅ እንደሆነ ሰዉ አየ። በሌላ በኩል ባንክን ፈጽሞ መተውም አያዋጣም። በብዙ ገበሬ ቤት የሚታወቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ በባንክ ያለ ተቀማጭም እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ የመድን ሽፋን ተደርጎለታል። ጋን ውስጥ ላለ ጠገራ መድን የሚገባ የለም።

ማስቀመጡ ራሱ ዕውቀት ይፈልጋል። ወርቅ አፈር ውስጥ ቢኖር አይለወጥም፤ ጠገራ ግን መዳብ አለባትና ትጠቁራለች፣ እርጥበት ካገኛት አረንጓዴ ታበቅላለች። የቆዳ ከረጢት ይበሰብሳል፣ የብረት ሣጥን ይዝጋል፤ የሸክላ እቃ በደንብ ተከድኖ በደረቅ ቦታ ሲሆን ይሻላል። የጠቆረችውን በአመድ ወይም በአሸዋ ማሸት አያስፈልግም፤ መልኳን ይበላዋል፣ ክብደቷንም ይቀንሳል። ለመለየት የአያቶች ዘዴ ዛሬም ይሠራል። 28 ግራም መመዘኗን፣ በማግኔት አለመሳቧን፣ ጠርዟ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው ጽሑፍ በግልጽ መኖሩን፣ ስታርፍም ጥርት ብላ መጮኋን ማየት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግዢው ይቅር።

ከአንጥረኛ እሳት የተረፈው ጠገራ ጥቂት ነው፤ ብዙው ቀልጦ መስቀልና ድሪ ሆኗል። ከሌባ ይልቅ የሚያጠፋው ግን ዝምታ ነው። ባለቤቱ ቦታውን ለማንም ሳይናገር ሲያርፍ ሀብቱ ከእሱ ጋር ይቀበራል፤ ልጆቹም ወለሉን ሲቆፍሩ ይኖራሉ። በዚህ ወሬ ላይ የሚበሉ አታላዮችም አሉ። «መሬት ስንቆፍር ጋን ሙሉ ወርቅ አገኘን፣ ከመንግሥት ደብቀን በርካሽ እንሸጥልህ» ብለው ነሐስ ያስረክባሉ። አንድም ጊዜ ቢሆን እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ ድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መነገር አለበትና ገዢው አብሮ ይጠየቃል።

ስለዚህ በቤታችሁ ጠገራ ወይም ወርቅ ካለ ከመሸጣችሁ በፊት መዝኑት፣ ቢያንስ ሁለት ገዢ ጠይቁ፣ አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡት፤ የት እንዳለም ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ።