ሰው ሁለት ቤት ሠራ፤ እኛስ መቼ ነው? ወደ 4,000 ዓመት የሚጠጋቸው የባልና ሚስት ደብዳቤዎች

ባል ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል። ሚስት ልጆች ታሳድጋለች፣ ቤት ታስተዳድራለች፣ በእጇ ሙያም ገንዘብ ታመጣለች። ባል ብር ሲያዘገይ ትወቅሰዋለች፤ እሱ ደግሞ «ወጪ አበዛሽ» ይላታል። ዛሬ አንዱ ወገን ባሕር ማዶ የሚኖርበትን ቤተሰብ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን የተጻጻፉት በእርጥብ ሸክላ ላይ ነው፤ ከተጻጻፉም ከ3,800 ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል።

ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ንጉሥ፣ ጦርነትና ትልልቅ ሕንፃ ነው። የቤተሰብ ኑሮ፣ የወር ወጪ፣ የልጅ ማደግ በድንጋይ ላይ አይቀረጽም። የካኔሽ ደብዳቤዎች ልዩ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእሳት የተረፈ ሸክላ

ካኔሽ ዛሬ ኩልቴፔ ተብሎ የሚጠራው ስፍራ ሲሆን የሚገኘውም በማዕከላዊ ቱርክ፣ በካይሴሪ ከተማ አቅራቢያ ነው። ከዚህ አካባቢ የተገኙ የሸክላ ጽሑፎች በየገበያው መሸጥ ቢጀምሩም ከየት እንደሚወጡ ለብዙ ጊዜ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ቼካዊው ሊቅ ቤድሪክ ህሮዝኒ ምንጩን አገኘው፤ ጽሑፎቹ የተቀበሩት ሁሉም ሲቆፍረው በነበረው ኮረብታ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው መስክ ነበር። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ቱርካዊው ተመራማሪ ታህሲን ኦዝጉች ቁፋሮውን ለአሥርተ ዓመታት መርቷል። እስካሁን ከ23,000 በላይ ጽሑፎች ወጥተዋል። ዩኔስኮም በ2015 በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሯቸዋል።

ባለቤቶቻቸው የአሱር ነጋዴዎች ነበሩ። አሱር ከመጽሐፍ ቅዱስ «አሦር» ብለን የምናውቀው አገር ስሙን ያገኘባት፣ በዛሬዋ ሰሜናዊ ኢራቅ በጤግሮስ ወንዝ ዳር የነበረች ከተማ ናት። ካኔሽ ያሉት ቤቶች በእሳት ወደሙ፤ ነጋዴዎቹ ቤታቸው ያስቀመጧቸው ደብዳቤዎች ግን ፍርስራሹ ሥር ተርፈው ቆዩን።

አህያ፣ ቆርቆሮ እና ጨርቅ

ከአሱር እስከ ካኔሽ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአህያ ስድስት ሳምንት ያስኬዳል። አንድ አህያ ወደ 65 ኪሎ ግራም ቆርቆሮና ጥቂት ጨርቅ ይጭናል። ቆርቆሮ ሲባል የቤት ክዳኑን እንዳያስቡ፤ ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ነሐስ የሚሆነው ማዕድን ነው፤ በዚያ ዘመን መሣሪያ ሁሉ የሚሠራው በነሐስ ነበርና። በአሱር የተገዛው ቆርቆሮ ካኔሽ ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ገደማ ይሆን ነበር። በመልሱ ብርና ወርቅ ይመጣል።

ቀረጥ ለማምለጥ የሚሞክርም አልጠፋም። ስሙ ከታች ተደጋግሞ የሚነሳው ፑሹኬን በኮንትሮባንድ ዕቃ ምክንያት ወህኒ መውረዱን ከደብዳቤዎቹ አንዱ ያወራል።

የካፒታል አሰባሰባቸውም ይገርማል። ባለሀብቶች ገንዘባቸውን በጋራ ለአንድ ነጋዴ ያስረክባሉ፤ ስሙ «ናሩቁም»፣ ትርጉሙም ከረጢት ነው። አሙር ኢሽታር የተባለ ነጋዴ የፈረመው ውል እንደሚለው ከረጢቱ የ30 ሚና ወርቅ ግምት ነበረው፤ ሚና ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ነው። ነጋዴው በገንዘቡ 12 ዓመት ይሠራል፣ ከትርፉ ሲሶው የእሱ ይሆናል። ቀድሞ ገንዘቤን ልውሰድ የሚል ባለሀብት ግን የሚመለስለት በማይጠቅመው ምንዛሪ ነው። ይህን ሲያነቡ የአክሲዮን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ቢታወስዎ አይፈረድብዎትም።

ላማሲ ለፑሹኬን

ጨርቁን የሚሸምኑት አሱር የቀሩት ሚስቶች፣ ሴት ልጆችና የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ የሴቶቹ ድርሻ ነበር፤ ሲጎድል ወይም ሲዘገይ ዝም አይሉም።

የፑሹኬን ሚስት ላማሲ ከሁሉም ትታወቃለች። በአንዱ ደብዳቤዋ ባሏ ያዘዘውን ጨርቅ ባለመላኳ እንዳይቆጣ ትለምነዋለች። ምክንያቷን ስትዘረዝር ልጅቱ አድጋለች፣ ለእሷ ከባድ ጨርቅ መሥራት ነበረባት፣ የቤተሰቡንና የልጆቹንም ልብስ መሥራት ነበረባት። በሌላው ደግሞ ልጅቱ ስላደገች መጥቶ በአምላካቸው በአሱር ጥበቃ ሥር እንዲያኖራት ትጠራዋለች። በዚህ ጽሑፍ ርዕስ የተጠቀምንበት ሐሳብም የእሷ ነው፦ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሻሊም አሁም ሁለት ጊዜ ቤት ሠርቷል፣ እኛስ የምንችለው መቼ ነው? ትለዋለች።

የኢናያ ሚስት ታራም ኩቢ ደግሞ ቁጣዋ ጠንከር ይላል። ባሏ ሲሄድ ቤቱን ባዶ አድርጎ ብሩን ወስዷል፤ ከሄደ በኋላ በአሱር ረሃብ ገብቷል፤ እሱ ግን ከሩቅ ሆኖ ስለ አባካኝነቷ ይጽፍላታል። የምንበላው በሌለበት የምን ብክነት ነው የምትለኝ? ስትል ትመልስለታለች።

የባሎቹን መልስ በአብዛኛው አናገኘውም፤ ወደ አሱር የተላኩት ደብዳቤዎች የነበሩባቸው ቤቶች አልተቆፈሩም። እናም በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ የሴቶቹ ነው። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ሴሲል ሚሼል እነዚህን ደብዳቤዎች ለረጅም ዓመታት አጥንታለች፤ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ በራሳቸው እጅ ሳይጽፉ እንዳልቀሩም ይታመናል።

የደንበኛ ትእዛዝ

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ለምገኝ ለእኔ ከሁሉም የጣመኝ ፑዙር አሱር የተባለ ነጋዴ ዋቁርቱም ለምትባል ሴት የጻፈው ነው። ያለፈው ጨርቅሽ ጥሩ ነው፣ እንደሱ ሥሪልኝ ይላታል። ለእያንዳንዱ አንድ ሚና ሱፍ ጨምሪበት፣ ነገር ግን ስስ ይሁን፤ አንድ ገጹ ይበጠር እንጂ አይሸለት፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ክንድ፣ ወርዱ ስምንት ክንድ ይሁን። ስሱን መሥራት ካልቻልሽ ደግሞ እዚያው ገበያ ሞልቷል ይባላልና ገዝተሽ ላኪልኝ። ዛሬም ገበያው የሚፈልገውን አጣርቶ ለአምራቹ በልክና በጥራት መንገር የእኛ ሙያ ዋና ሥራ ነው። ሴቲቱም ተራ «የቤት ሥራ» እየሠራች አልነበረም፤ አገር አቋርጦ ለሚሸጥ ምርት ጥራቱን የምትወስነው እሷ ነበረች።

ሁለት ወገን የሚያስር ውል

ነጋዴዎቹ ካኔሽ ብዙ ዓመት ስለሚቆዩ አንዳንዶቹ እዚያም ያገቡ ነበር። ላቂፑም ከሃታላ ጋር የፈጸመው የጋብቻ ውል ተርፎ ይነበባል። በዚያ አገር ሌላ ሴት አያገባም፤ በአሱር ከተማ ግን ለቤተ መቅደስ የተሰጠች ሴት ማግባት ይችላል። እሱ ከፈታት 5 ሚና ብር ይከፍላል፤ እሷም ከፈታችው ያንኑ 5 ሚና ትከፍላለች።

የፍቺ ቅጣቱ እኩል ነው። ውሉን ግን እንደ ዛሬ የእኩልነት ሰነድ ማየት አይገባም። ሃታላ በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅ ካልወለደችለት ራሷ ባሪያ ገዝታ እንድታመጣለት ያስገድዳታል። የዚያች ባሪያ ድምፅ በየትኛውም ደብዳቤ አልደረሰንም።

ለቤታችን የሚተርፍ

ላማሲና ፑሹኬን የሚጨቃጨቁት ስለ ብር ይመስላል። በትኩረት ሲያነቡት ግን ላማሲ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ልፋቴን ቁጠርልኝ፣ የጋራ እቅዳችን የት ደረሰ፣ ልጅህ እያደገች ነውና ና። ሩቅ ያለ የቤተሰብ አባል ካለዎት፣ የሚቀጥለው የስልክ ወሬ «ገባልሽ? ደረሰህ?» ከሚለው አልፎ እነዚህን ሦስቱን ይንካ። የተላከው ገንዘብ ለምን እንደዋለ፣ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሠራና ልጆቹ ምን እንደደረሱ አብሮ መቁጠር ብዙ ቅያሜ ያስቀራል።

ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት

የካኔሽ ደብዳቤ መዳፍ ላይ የምትያዝ የሸክላ ቁራጭ ናት። በስስ የሸክላ ፖስታ ትሸፈናለች፣ ፖስታው ላይ የላኪው ማኅተም ይንከባለልበታል፤ ተቀባዩ ሰብሮ ያነባታል። እርስዎም ዱቄት፣ ጨውና ውኃ አቡክተው ትንሽ ሊጥ ያዘጋጁ። ልጆች በእንጨት ጫፍ ለአያት ወይም ሩቅ ላለ ዘመድ አጭር መልእክት ይጻፉ። በአሱር ልማድ ደብዳቤ የሚጀምረው የተቀባዩንና የላኪውን ስም በመጥራት ነው። ሊጡ እስኪደርቅ ድረስ የላማሲን ታሪክ ይንገሯቸው። ከዚያም ፎቶ አንስተው ለዘመዱ ይላኩለት።