አንድ ገበታ፣ ሁለት ቢላዋ

ፈረንሳዮች «ቢስትሮ» የሚሉት ጌጥ የማይበዛበት ምግብ ቤት ነው። የዕለቱ ምግብ ብዙ ጊዜ እንደ ክፍላችን በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል። ጥብስ የሚያዝ ሰው «ደም ያለው» ወይም «በሰል ያለ» ይላል፤ የኛን «ለብ ለብ» እንደማለት ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ፦ የማን ሥጋ ቤት ነው? አንዱ በስመ አብ፣ ሌላው ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ነዋ! ታዲያ ክርስቲያንና ሙስሊም ጓደኛሞች አብረን ስንወጣ ምን እንብላ? ዓሣ። ዓሣ አይታረድም፤ ስለዚህ ከሐይቅ የሚመጣውን ጥብስ ሁላችንም ከአንድ ሳህን እናነሳለን። በጾም ዓሣ የማይበላ ካለ ሽሮ ይታዘዛል። ዘይቱን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ሥጋ በጠበሰበት ዘይት ዓሣ የሚጠብስ ቤት አይጠፋም።