የቢሮ ማተሚያና የምስጢር ጥበቃ

በጽሕፈት መኪና ዘመን ጠንቃቃ ጸሐፊ አንድ ምስጢራዊ ደብዳቤ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ሥራዋ አለቀ ብላ አትነሣም ነበር። በወረቀቶቹ መካከል የገባውን ካርቦን አውጥታ ታቃጥለዋለች፤ ጽሑፉ በማባዣ መኪና የተባዛ እንደሆነም ስቴንስሉን ቀዳ ታስወግደዋለች። ካርቦንና ስቴንስል የጽሑፉን ቅርጽ ይዘው ስለሚቀሩ፣ ከቆሻሻ ቅርጫት ያነሣቸው ሰው ሁሉ ወደ ብርሃን አቅንቶ ሊያነባቸው ይችላልና ነው። በዛሬው ቢሮ የጽሕፈት መኪናው ቦታ ለኮምፒዩተርና ለፕሪንተር፣ ማለት ለማተሚያው፣ ተለቋል። ማተሚያው ካርቦንም ስቴንስልም ስለሌለው ብዙ ሰው የታዘዘውን አትሞ ዝም የሚል ግዑዝ ዕቃ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የዘመኑ ማተሚያ እርሱ ራሱ ኮምፒዩተር ነው። የሚታተመውን ጽሑፍ በመረብ ይቀበላል፤ በማስታወሻው ውስጥ አስቀምጦ ተራ ያስይዛል፤ ከዚያም ያትማል። በትልልቆቹ ማተሚያዎች ውስጥ ሃርድ ዲስክ ስላለ ወረቀቱ ከወጣ በኋላም የጽሑፉ ቅጂ በውስጡ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አደጋው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ጽሑፉ ወደ ማተሚያው ሲጓዝ በመንገድ መጠለፉ ነው። ሁለተኛው፣ በማስታወሻው የቀረው ቅጂ በሌላ እጅ መግባቱ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ ማተሚያው ለመላው ቢሮ የጓሮ በር ሆኖ መገኘቱ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የኅትመት ሥራን ተራ በሚያስይዘው የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ አንድ ጉድለት መኖሩ በይፋ ታወቀ። በዚህ ጉድለት የተጠቀመ ሰርጎ ገብ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ለማዘዝ ይችል ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ጊዜውን ሳይጠብቅ ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ።

ማተሚያ ለሌባ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ ያስረዳል። በጥር 2008 ዓ.ም. ሌቦች በመረብ ሰርገው ገብተው ባንኩ ኒው ዮርክ ካስቀመጠው ገንዘብ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዲከፈላቸው በባንኩ ስም ትእዛዝ ሰደዱ። በባንኩ ውስጥ የገንዘብ ዝውውርን ሁሉ ወዲያው የሚያትም አንድ ማተሚያ ነበር። ሌቦቹ እርሱን አስቀድመው ድዳ አደረጉት። በማግሥቱ ሠራተኞቹ ማተሚያው አልሠራ ቢላቸው የተለመደ ብልሽት መስሏቸው አለፉት። ተጠግኖ መልእክቶቹን ማተም ሲጀምር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። አብዛኛው ትእዛዝ በኋላ ቢታገድም 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። የማተሚያው ዝምታ ራሱ የአደጋ ምልክት ነበር፤ ያነበበው ግን አልተገኘም።

ምስጢር ሲወጣ የሚጎዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ይህን ለመረዳት ከመተማ ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘውን የገዳሪፍን አካባቢ መመልከት ይበቃል። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በኡም ራኩባ መጠለያና በአካባቢው ሰፍረው ነበር። ከኅዳር ወር ጀምሮ የሙሴ ዘመቻ በተባለው ሥራ በካርቱም በኩል በምስጢር ወደ እስራኤል ይጓጓዙ ጀመር። በታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ግን ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ የሱዳን መንግሥትም በረራውን አቆመ። ወላጅ ከልጁ፣ ወንድም ከእኅቱ ተለያይቶ ቀረ። ከቀሩት መካከል ጥቂት መቶዎቹ በመጋቢት ወር ከገዳሪፍ አጠገብ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተወሰዱ።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በሐምዳይት በኩል ወደዚሁ አገር ገቡ፤ ኡም ራኩባም እንደገና መጠለያ ሆነ። ስደተኛ ሲመዘገብ ስሙ፣ ቤተሰቡና የመጣበት ቦታ ይጻፋል። ይህ ዝርዝር በደግ ሰው እጅ ሲሆን እህልና መድኃኒት ያስገኛል፤ በጠላት እጅ ሲገባ ግን ሰውን አሳዶ ለመያዝ ያገለግላል። በጥር 2014 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 የሚበልጡ ሰዎች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ መግባቱን አስታወቀ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በጦርነትና በስደት ከዘመድ የተለያዩ ነበሩ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በማተሚያ ሳይሆን ማስተካከያ ሳይደረግለት በቀረ ፕሮግራም ነው፤ ተገኝተው እስኪታወቁ ድረስም 70 ቀን ቆይተዋል። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ትንሹ በር ካልተዘጋ የትልቁ በር መቆለፍ አይጠቅምም።

እንግዲህ ማተሚያን ለመጠበቅ ምን ማድረግ ይገባል? በመጀመሪያ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያ ቃል ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ ስለሚሆን ማንም ሊያውቀው ይችላልና። ሁለተኛ፣ አምራቹ የሚያወጣውን ማስተካከያ በየጊዜው መጫን፤ ሦስተኛ፣ ማተሚያው በቢሮው መረብ ውስጥ ተወስኖ ከውጭ በኢንተርኔት የማይደረስበት እንዲሆን ማድረግ ነው። አራተኛ፣ ምስጢራዊ ወረቀት ባለቤቱ በማተሚያው አጠገብ ቆሞ የምስጢር ቁጥሩን ሳያስገባ እንዳይወጣ ማዘዝ ይቻላል። አምስተኛ፣ ማተሚያው ሲሸጥ ወይም ለጠጋኝ ሲሰጥ አስቀድሞ በማስታወሻው ያለው ሁሉ መጥፋት አለበት። በመጨረሻም ያለ ምክንያት ዝም ያለ ወይም ያልታዘዘውን የሚያትም ማተሚያ ሲታይ ብልሽት ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ለኃላፊው መንገር ይገባል።

ከእነዚህ ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ትጋትን ነው። ያቺ የጥንት ጸሐፊ ካርቦኑን ታቃጥል የነበረው ስለ ወረቀቱ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ስሙ ስለ ተጻፈው ሰው አስባ ነበር። መሣሪያው ቢለወጥም አደራው አልተለወጠም።