የቢሮ ኮምፒውተሮች የመግቢያ ሰርቨራቸውን የሚመርጡበት ሂደትና የስሕተት ፍለጋ ቅደም ተከተል

መግቢያ

በቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት የሚገኝ ኮምፒውተር የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ከተቀበለ በኋላ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ረጅም ጊዜ ሲወስድ፣ ችግሩ በአብዛኛው የሚላከከው በመስመሩ መድከም ወይም በኮምፒውተሩ ማርጀት ነው። ሁለቱም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ከሁለቱም አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ኮምፒውተሩ የተጠቃሚውን ማንነት እንዲያረጋግጥለት የጠየቀው የትኛውን ሰርቨር ነው? በዚያው ሕንፃ የተተከለው ሰርቨር ያለ ሥራ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ በሌላ ከተማ ያለ ሰርቨርን የሚጠይቅ ከሆነ፣ መስመር ማሳደግም ሆነ ኮምፒውተር መለወጥ ወጪ ከመጨመር በቀር ችግሩን ከሥሩ አይፈታውም።

ይህ ጽሑፍ ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሥር የሚተዳደሩ ኮምፒውተሮች የመግቢያ ሰርቨራቸውን፣ ማለትም ዶሜይን ኮንትሮለራቸውን፣ የሚመርጡበትን ሂደት ያብራራል፤ ምርጫው ሲሳሳትም ስሕተቱ የሚፈለግበትን ቅደም ተከተል ያቀርባል። ዋናው ነጥብ ኮምፒውተሩ ያለበትን ስፍራ ራሱ የማያውቅ መሆኑ ነው። ስፍራውን የሚነግረው ሰርቨሩ ሲሆን፣ ሰርቨሩም የሚናገረው አስተዳዳሪዎች ከመዘገቡት የአድራሻ ካርታ አንብቦ ነው። ስለዚህ ካርታው ከተሳሳተ ኮምፒውተሩ በትክክል እየሠራ እንኳ የተሳሳተ ሰርቨር ይመርጣል።

የምርጫው ሂደት

ፍለጋውን የሚያከናውነው በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ኔትሎጎን የተባለው አገልግሎት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የስም አገልግሎቱን፣ ማለትም ዲ.ኤን.ኤስን፣ መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር ሥራ ሲጀምር ስለሚሰጠው አገልግሎት በዲ.ኤን.ኤስ ውስጥ ኤስ.አር.ቪ የተባሉ መዝገቦችን ያስመዘግባል። መዝገቦቹ የሰርቨሩን ስም፣ የፖርት ቁጥሩን፣ ቅድሚያውንና ክብደቱን ይይዛሉ። አነስተኛ የቅድሚያ ቁጥር ያለው ሰርቨር አስቀድሞ ይሞከራል፤ ቅድሚያቸው እኩል የሆኑት ደግሞ እንደ ክብደታቸው በዕጣ መልክ ይመረጣሉ። በመደበኛ ቅንብር የሁሉም ቅድሚያ 0፣ ክብደታቸው 100 ስለሆነ፣ አስተዳዳሪው ካልለወጠው በስተቀር በሰርቨሮቹ መካከል ልዩነት አይኖርም።

መዝገቦቹ በሁለት ዓይነት ዝርዝር ይቀመጣሉ። አንደኛው የዶሜይኑን ሰርቨሮች በሙሉ የያዘ አጠቃላይ ዝርዝር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳይት ለተባለ አንድ የተወሰነ የኔትወርክ ስፍራ የሚያገለግሉትን ብቻ የያዘ ነው። ኮምፒውተሩ ቀደም ሲል የተነገረው የሳይት ስም ካለ በዚያ ሳይት ዝርዝር ይጀምራል፤ ከሌለው አጠቃላዩን ይጠይቃል።

ሁለተኛው እርምጃ በዝርዝሩ ላሉት ሰርቨሮች አጭር የመጠየቂያ መልእክት መላክ ነው። መልእክቱ የሚሄደው በዩ.ዲ.ፒ ፖርት 389 ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ የአንዱን መልስ ለረጅም ጊዜ ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ እያለፈ ይልካል፤ በቅድሚያ ተስማሚ መልስ የሰጠውንም ይቀበላል።

ሦስተኛው እርምጃ ወሳኙ ነው። ሰርቨሩ መልስ ሲሰጥ መልእክቱ የመጣበትን የአይፒ አድራሻ በካርታው ላይ ፈልጎ ሦስት ነገር ያሳውቃል፦ ኮምፒውተሩ የየትኛው ሳይት እንደሆነ፣ ሰርቨሩ ራሱ የየትኛው ሳይት እንደሆነ፣ እንዲሁም ሰርቨሩ ለኮምፒውተሩ ቅርብ መሆን አለመሆኑን። ቅርብ ካልሆነ ኮምፒውተሩ በተነገረው የሳይት ስም እንደገና ዲ.ኤን.ኤስን ጠይቆ ወደ ቅርቡ ሰርቨር ለመሄድ ይሞክራል። በመጨረሻም የሳይቱን ስም በሬጂስትሪ ውስጥ ይመዘግባል፤ የተመረጠውንም ሰርቨር በጊዜያዊ ማስታወሻ ይይዛል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ባሉ ሥሪቶች በመደበኛ ቅንብር ይህ ምርጫ በየ12 ሰዓቱ ይታደሳል። የተያዘው ሰርቨር የሌላ ሳይት ከሆነ ግን ከ15 ደቂቃ በኋላ ቅርብ የሆነው እንደገና ሊፈለግ ይችላል።

የቅርበት ትርጉም

በዚህ ሂደት «ቅርብ» የሚለው ቃል ርቀትንም ሆነ የመስመር ፍጥነትን አያመለክትም። ቅርበት የሚለካ ሳይሆን የተመዘገበ ነው። አስተዳዳሪው እያንዳንዱን የአድራሻ ክልል፣ ማለትም ሰብኔት፣ ከአንድ ሳይት ጋር ያያይዛል፤ ሰርቨሩም ይህንኑ ያነባል። አንድ አድራሻ በሁለት ክልሎች ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ጠባቡ ክልል ይመረጣል። የራሱ ሰርቨር ለሌለው ሳይት ደግሞ፣ በሳይቶች መካከል በተመዘገበው የማገናኛ ዋጋ መሠረት አነስተኛ ዋጋ ያለው ሳይት ሰርቨር አገልግሎቱን እንዲሸፍን በራሱ ይመዘገባል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት በተግባር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰርቨሩ የሚያየው መልእክቱ የመጣበትን አድራሻ ብቻ ነው። ስለሆነም አድራሻው በመንገድ ላይ በሌላ አድራሻ የሚተካ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የሚመደበው ተጠቃሚው በተቀመጠበት ሳይት ሳይሆን ተተኪው አድራሻ በተመዘገበበት ሳይት ነው። የአይፒ ሥሪት 6 አድራሻም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄው በዚህ አድራሻ ከተላከና ክልሉ በካርታው ከሌለ፣ የሥሪት 4 ክልል በትክክል መመዝገቡ ለዚያ ጥያቄ አይጠቅምም።

የስሕተት ዓይነቶችና መለያቸው

የምርጫ ስሕተቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ስሕተት የሚነሣው ከስም አገልግሎቱ ነው። የኮምፒውተሩ ሁለተኛ ዲ.ኤን.ኤስ ሆኖ የተሞላው የውጭ የሕዝብ አገልግሎት ከሆነ፣ ይህ አገልግሎት የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ መዝገቦች አያውቅም። የውስጡ ዲ.ኤን.ኤስ ለጥቂት ጊዜ ሳይመልስ ሲቀር ኮምፒውተሩ ወደ ውጩ ይዞራል፤ ከዚያም «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚለውን መልስ እንደ ሙሉ መልስ ይቀበላል። ችግሩ መጥቶ የሚሄድ ስለሚሆን ምክንያቱን መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ከመልእክቱ መንገድ የሚነሣ ነው። ፋየርዎል በቲ.ሲ.ፒ ፖርት 389 የሚሄደውን እየፈቀደ በዩ.ዲ.ፒ የሚሄደውን ሊዘጋ ይችላል። ፖርቱን በቲ.ሲ.ፒ ብቻ የሞከረ ባለሙያ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ይደመድማል፤ የምርጫው መልእክት ግን አልደረሰም።

ሦስተኛው ከካርታው የሚነሣ ሲሆን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የአድራሻው ክልል በካርታው ጨርሶ አለመኖሩ ነው። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ከአጠቃላዩ ዝርዝር ያገኘውን ሰርቨር ስለሚይዝ ምርጫው ከቀን ወደ ቀን ሊለዋወጥ ይችላል። ይህ ስሕተት ዱካ ይተዋል፤ በዶሜይን ኮንትሮለሩ የክንውን መዝገብ ላይ በቁጥር 5807 ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ በኔትሎጎን የጽሑፍ ፋይል ውስጥም የኮምፒውተሩ ስምና አድራሻ ይሰፍራል። ሁለተኛው መልክ አድራሻው በተሳሳተ ሳይት ሥር መመዝገቡ ነው። ይህኛው ማስጠንቀቂያ አያስጽፍም፤ በሥርዓቱ ዓይን የተጓደለ ነገር የለምና።

አንድ ምሳሌ

ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ በባሕር ዳር የሆነና በሁለቱም ከተሞች ዶሜይን ኮንትሮለር ያለው ድርጅት በምሳሌነት ይወሰድ። ካርታው ሲዘጋጅ 10.20.0.0/20 የተባለው ክልል ለባሕር ዳር ሳይት ተመዘገበ። ማንኛውም አድራሻ ሳይት አልባ እንዳይሆን በማሰብም 10.0.0.0/8 የተባለው ሰፊ ክልል ለአዲስ አበባ ሳይት ተሰጠ። ከጊዜ በኋላ ቅርንጫፉ ሠራተኛ ሲጨምር የኔትወርክ ክፍሉ ለአዲሱ ፎቅ 10.20.16.0/20 የተባለውን ክልል ደለደለ፤ አዲሱ ክልል ግን በካርታው ላይ አልሰፈረም።

ውጤቱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮምፒውተሮች መኖራቸው ነው። የቀድሞው ፎቅ ኮምፒውተሮች የቅርንጫፉን ሰርቨር ሲጠቀሙ፣ የአዲሱ ፎቅ ኮምፒውተሮች ወደ ሰፊው ክልል ስለሚወድቁ ሁልጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ኤን.ኤል.ቴስት በተባለው መመርመሪያ ትእዛዝ የአዲሱ ፎቅ ኮምፒውተር ቢጠየቅ፣ የራሱ ሳይት አዲስ አበባ፣ የሰርቨሩም ሳይት አዲስ አበባ እንደሆነ ይመልሳል፤ «ቅርብ» የሚለውንም ምልክት ያሳያል። ማስጠንቀቂያም አይገኝም። መሣሪያው የሰጠው መልስ ከካርታው ጋር ስለሚስማማ፣ ስሕተቱ የሚገለጠው የሳይቱ ስም ኮምፒውተሩ በእርግጥ ካለበት ከተማ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ ጥፋቱ በመስመሩ ላይ ይደመደማል፤ ድርጅቱም ለማያስፈልገው የመስመር ማሳደጊያ ሊከፍል ይችላል።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

ከላይ ከተገለጸው ሂደት በመነሣት ስሕተቱ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊፈለግ ይገባል።

1. በአሁኑ ሰዓት በሥራ ላይ ያለው ሰርቨር ይለያል። የመግቢያ ሰርቨሩን ስም የያዘው የአካባቢ ተለዋዋጭ ለዚህ በቂ ማስረጃ አይደለም፤ በመግቢያ ጊዜ የተሞላ እንጂ ከዚያ በኋላ የሚታደስ ስላልሆነ፣ ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ላይ በተቀመጠ የቀድሞ ማረጋገጫ ሲገባም ያልተጠየቀ ሰርቨርን ስም ሊያሳይ ይችላል። የኤን.ኤል.ቴስት መልስ የተሻለ ማስረጃ ነው።

2. በመልሱ ውስጥ ያለው የኮምፒውተሩ ሳይት ስም ኮምፒውተሩ በእርግጥ ካለበት ስፍራ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነት ካለ የአድራሻው ክልል በካርታው ላይ ይፈተሻል፤ በሬጂስትሪው ውስጥም የሳይት ስም በእጅ ተጽፎ እንደሆነ ይታያል፤ በእጅ የተጻፈው ከተነገረው ይበልጣልና።

3. የሳይቱ ስም ትክክል ሆኖ ሰርቨሩ ብቻ የሩቅ ከሆነ፣ የቅርቡ ሰርቨር በሳይቱ የዲ.ኤን.ኤስ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ይረጋገጣል። ከሌለ በሰርቨሩ ላይ ያለውን የኔትሎጎን አገልግሎት እንደገና ማስነሣት መዝገቦቹን ዳግም ያስመዘግባል።

4. ዝርዝሩም ትክክል ከሆነ የዩ.ዲ.ፒ ፖርት 389 መንገድ ይፈተሻል።

5. እርማት ከተደረገ በኋላ ኮምፒውተሩ የያዘውን ትቶ እንደገና እንዲፈልግ ይታዘዛል። የካርታው ለውጥ ወደ ሌሎች ሳይቶች የሚደርሰው በሰርቨሮቹ የመረጃ ልውውጥ ሲሆን፣ በመደበኛ ቅንብር በሳይቶች መካከል ያለው የልውውጥ ልዩነት 180 ደቂቃ ነው። ይህን ያላሰበ ባለሙያ ትክክለኛውን እርማት አልሠራም ብሎ ሊሽረው ይችላል።

ማጠቃለያ

የመግቢያ ሰርቨር ምርጫ በተከታታይ ጥያቄና መልስ የሚከናወን ሂደት በመሆኑ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በተራው በመፈተሽ ስሕተቱ ያለበትን ቦታ መለየት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን ሂደቱ ሰዎች በመዘገቡት ካርታ ላይ የተመሠረተ ነው። በብዙ ድርጅቶች አድራሻ የሚደለድለው ክፍልና የሳይት ካርታውን የሚይዘው ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ በምሳሌው የታየው ዓይነት ስሕተትም የሚወለደው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። አዲስ የአድራሻ ክልል መደልደልና ክልሉን በሳይት ካርታው ላይ ማስፈር እንደ አንድ ሥራ ተቆጥረው በአንድ የሥራ ትእዛዝ ቢፈጸሙ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ የማይሰጠው የዚህ ስሕተት ዋና መነሻ ይዘጋል። ሁሉን የሚያቅፍ ሰፊ ክልል መመዝገብም አስፈላጊነቱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ ሳይት አልባ አድራሻ እንዳይኖር የሚከላከለው ይኸው ክልል፣ ያልተመዘገበ ክልል መኖሩን የሚናገረውን ማስጠንቀቂያም አብሮ ዝም ያሰኛልና።