ከሥር ያለው ክር አበባውን ያቆመዋል

በገበያ ቀን ሁለት የትራስ ልብሶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል እንበል። በሁለቱም ላይ ቢጫ አበባ ተጠልፏል። ጨርቃቸው አንድ ነው፤ የክራቸው ቀለምም አንድ ነው። ነገር ግን የአንደኛው አበባ ጨርቁ ላይ ተኝቷል። የሁለተኛው ከጨርቁ ከፍ ብሎ፣ ሞላ ብሎ፣ ዛሬ የፈካ ይመስላል። ገዢ እጁን የሚዘረጋው ወደዚህኛው ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከላይ ከሚታየው ክር አይደለም። ከሥር ከተደበቀው ክር ነው።

እናቶችና እኅቶች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ የተደበቀ ክር ነው። ወንድሞችም አንብቡት። ጥልፍ የሴት ሥራ ብቻ አይደለም፤ በከተማ ጥልፍ ጠልፈው የሚተዳደሩ ብዙ ወንዶች አሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመለማመጃ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ይበቃል። ከዚያ ቀጭን መርፌ፣ ስል መቀስ፣ እርሳስና የጥልፍ ክር ያዙ። ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ ድርብ ክብ እንጨትም ያስፈልጋል። ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠር። ከላላ ጥልፉ ሲያልቅ ጨርቁ ይጨማደዳል።

የጥልፍ ክር ብዙ ጊዜ 6 ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው የሚሸጥ ነው። ለምሳሌ ዲ.ኤም.ሲ የሚባለው ክር እንዲህ ነው፤ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ይሆናል። ይህ የፈረንሳይ ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1746 የተቋቋመ ነው። ለላይኛው ጥልፍ 6ቱንም አትጠቀሙ። 2ቱን ብቻ ለዩና አውጡ። ርዝመቱም አንድ ክንድ ይሁን፤ ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ ማለት ነው። ከዚያ ከረዘመ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይሻክራል፤ ይወሳሰባልም።

ሥዕሉ

በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰውን አደይ አበባ እንሳል። በመጀመሪያ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ በእርሳስ ሳሉ። በክቡ ዙሪያ 4 ቅጠል በመስቀል ቅርጽ አድርጉ። በየመሐላቸው ደግሞ አንዳንድ ጨምሩ። በጠቅላላው 8 ቅጠል ሆነ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ስፋቱ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። የላይኛው ክር የሚሄደው በስፋቱ ነው። ከዚህ ከረዘመ ይላላል፤ ጥፍርና ቀለበትም ይይዘዋል።

አሠራሩ

1ኛ. ዳሩን ማበጀት። በእርሳሱ መስመር ላይ ጠባብ ጠባብ አድርጋችሁ ስፉ። መርፌው ወደ ላይ ሲወጣ የፊተኛውን ስፌት መሐሉን ሰንጥቆ ይውጣ። ይህ እንደ ማሳ ድንበር ነው። ድንበሩ ከተጣመመ አበባው ሁሉ ይጣመማል።

2ኛ. ውስጡን መሙላት። ይህ ነው የተደበቀው ሥራ። ከድንበሩ ሳታልፉ ቅጠሉን በቁመቱ ሙሉት። ክሩ ከላይ ይርዘም፣ ከጀርባ ይጠር። አታጥብቁት፤ ይቀመጥ እንጂ አይሳብ። ከዚያ መሐሉ ላይ ብቻ ሁለተኛ ረድፍ ደርቡበት። ስለዚህ መሐሉ ከፍ ይላል፤ ዳሩ ዝቅ ይላል። ለዚህ ሥራ የተረፈ ወይም ርካሽ ክር ይሆናል። ቀለሙ ግን ይቀራረብ። ከቢጫ ሥር ጥቁር ከገባ ያሳብቃል። ነጭ በነጭ ለምትጠልፉ ደግሞ ቤት የተፈተለ ጥጥ ይበቃል።

3ኛ. ላዩን መሸፈን። አሁን በስፋቱ ሂዱ። የታችኛው ክር በቁመት ከሄደ የላይኛው በአግድም መሄድ አለበት። ለምን? ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ የላይኛው በታችኛው መሐል እየገባ ይሰምጣል። ያን ጊዜ ድካማችሁ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ከቅጠሉ ሰፊ ቦታ፣ ከወገቡ ጀምሩ። መርፌው ከድንበሩ ትንሽ ወጣ ብሎ በአንድ ወገን ይውጣ፤ በሌላው ወገን ይግባ። ከዚያ በጀርባ ዞሮ እንደገና በመጀመሪያው ወገን ይውጣ። ሁልጊዜ መውጫው አንድ ወገን ነው። ክር ከክር ጎን ይተኛ፤ አይደራረብ፤ ክፍተትም አይተው። እስከ ጫፉ ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ወገቡ ተመልሳችሁ የቀረውን ግማሽ ጨርሱ።

4ኛ. የአበባው መሐል። ጠቆር ያለ ቢጫ ክር ያዙ። መርፌውን ካወጣችሁ በኋላ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምጥሙበት። ከወጣበት አጠገብ መልሳችሁ ስታስገቡት ትንሽ ቋጠሮ ይቀራል። ክቡን በእንዲህ ያለ ቋጠሮ ሙሉት።

ጥንቃቄ

ክር ስትጀምሩ ከጀርባ አትቋጥሩ። ቋጠሮ በካውያ ጊዜ አብጦ ይታያል። ይልቅስ ሙሌቱ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ትንንሽ ስፌት ስፉ። ስትጨርሱም መርፌውን በጀርባው ክር ሥር አሳልፋችሁ ቁረጡ።

ክር ከመግዛታችሁ በፊት ወይም ከመጀመራችሁ በፊት ቀለሙን ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ ክሩን እሹበት። ጨርቁ ከተነከረ ክሩ ቀለም ይለቃል። በተለይ ቀይ ክርን አትመኑ።

ካውያ ስታደርጉ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። አበባውን ወደ ታች ደፍታችሁ ከጀርባው ተኩሱ። ፊቱን ከተኮሳችሁት የሞላው ሁሉ ይጨፈለቃል።

የማይታየውን ሥራ ማን ይቆጥረው?

አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገበያ ላይ በመኪና የተጠለፈ ልብስ ሞልቷል። በፍጥነት ከመኪና ጋር አንወዳደርም። የእጅ ሥራ የሚወዳደረው እንዲህ በሞላ አበባና በንጹሕ ጀርባ ነው። ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል። ነጋዴ ደግሞ የሚያየው የላይኛውን ክር ብቻ ነው። ከሥር ያለውን ክር አያየውም፤ ያጠፋችሁትንም ሰዓት አያየውም። እናንተ ካልቆጠራችሁት ማንም አይቆጥርላችሁም።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ጨርቁ 120 ብር፣ ክሩ 60 ብር ነው እንበል። አንድ ላይ 180 ብር ወጣ። የትራስ ልብሱን ጠልፎ ለመጨረስ 10 ሰዓት ፈጀ። ነጋዴው 400 ብር ልስጥሽ አለ። ከ400 ላይ 180 ሲቀነስ 220 ይቀራል። 220 ለ10 ሲካፈል 22 ነው። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ድካም 22 ብር ሆነ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ሌላ ሥራ ብትሠሩ ስንት ታገኙ ነበር? ከዚህ ጋር አስተያዩት። ካነሰ እሺ አትበሉ፤ ወይም ዋጋ ጨምሩ። ጎረቤቶች ደግሞ በአንድ ተነጋግራችሁ አንድ ዋጋ ብትቆርጡ ነጋዴው አንዷን ከሌላዋ እያጋጨ ዋጋ አያወርድም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ሒሳብም ያስተምር ነበር። መደመርና መቀነስ ለጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይደለም። ለመርፌና ለክርም ነው።

ለመጀመር በአንድ ምሽት አንድ ቅጠል ይበቃል። የመጀመሪያው ቢጣመም ፍቱትና እንደገና ጀምሩ። ስምንቱ ሲያልቁ አንድ ነገር ጨምሩ። ፊደልም በዚሁ ዘዴ ይጠለፋል፤ ድንበር ይበጅለታል፣ ከሥር ይሞላል፣ ከላይ ይሸፈናል። በጨርቁ ጥግ ላይ ስማችሁን ጻፉበት። ያን ጊዜ ገዢ «ይኼ የማን እጅ ነው?» ቢል ጨርቁ ራሱ ይመልስለታል።