የብልቃጡ ክዳን ቀለም ለጌጥ አይደለም

ከሕመምተኛ የተቀዳ ደም አነሰ ተብሎ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ሊገለበጥ አይገባም። ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚከለክል፥ ብዙውን ጊዜም ፖታሲየም ያለበት፥ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የተባለ ቅመም አለ። ከዚህ ደም ጥቂት እንኳ ወደ ቀዩ ቢጨመር፥ ምርመራው ፖታሲየምን ከልክ በላይ አብዝቶ፥ ካልሲየምን አሳንሶ ያሳያል። ሐኪሙም የሌለ በሽታ ሲያክም፥ ሕመምተኛው በማያስፈልገው መድኃኒት ይጎዳል።

ስለዚህ ባለ ቀይ ክዳኑ አስቀድሞ፥ ባለ ሐምራዊው ከእርሱ በኋላ ይቀዳ። ሐምራዊውም ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገላበጥ፤ አጥብቆ መናጥ የደሙን ሕዋሳት ይሰብራልና። ደም ቀጂውም ሕመምተኛውን ስሙን ጠይቆ፥ ከአጠገቡ ሳይርቅ በብልቃጡ ላይ ይጻፍ። በአልጋው አጠገብ የተሠራውን ስሕተት የላቦራቶሪ መሣሪያ አያርመውምና፥ የሥራ ጓደኞቻችን ሁሉ እንዲጠነቀቁ አደራ እንላለን።